ኤልሚር ያሰረችው ጨርቅ

ጀልባዬን አትፍታት፣ ነፋሱ እስኪተኛ፣
ሻማዬን አታጥፋት፣ ሳይመጣ ጓደኛ…

እዚህ ላይ ዘፈኑ ይጠፋባታል። ኤልሚር ትሩክሌር ታንጎራጉራለች፤ ሦስተኛው ስንኝ ጋ ስትደርስ ዝም ትልና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። በእጇ ረጅም ማማሰያ፣ ከፊቷ ሕፃን የሚያስቀምጥ የብረት ድስት። አውሎ ነፋሱ ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነው፤ መብራት የለም። መብራት ሲጠፋ በዚህ ረግረግ ዳር ወጉ የታወቀ ነው፦ ሁሉም ከፍሪዘሩ ያለውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይመጣል፤ ሽሪምፑም፣ ሸርጣኑም፣ ዳክዬውም ሳይበላሽ ከባሚያ ጋር አንድ ድስት ይገባል። ኤልሚር ለሁሉም ትጨልፋለች። ራሷ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

"አክስቴ ኤልሚር፣ ድስቱን እየቀቀልሽው ነው ወይስ እያሳደግሽው?" አላት ረሚ፣ ጎረቤቷ፣ ሽሪምፕ አጥማጁ።

"አንተን ለማሳደግ የፈጀብኝን ያህል አይፈጅም። ይልቅ ሳህንህን አምጣ!"

እውነቷን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ረሚንም፣ ከሱ በፊት እናቱንም አመላልሳለች። መንገዱ አንድ ነው፤ በግራ ውሃ፣ በቀኝ በምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶች። ከየትኛው ቤት ልጁ ዳቦውን እንደነከሰ እንደሚሮጥ፣ ከየትኛው ሁለቴ ጡሩንባ ካልተነፋ እንደማይወጣ በልቧ ታውቃለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ልጅ ጥላ ሄዳ አታውቅም። ጡረታ ከወጣች በኋላም አመሉ አልለቀቃት፤ ማዕበል ባለፈ ቁጥር የሟች ባሏን ጠፍጣፋ ጀልባ ታወጣና የድሮ ፌርማታዎቿን ተከትላ "ደህና ናችሁ?" እያለች ቤት ለቤት ትዞራለች።

ደህና የሆነ ሰው በረንዳው አጥር ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል። ጨርቅ ካየች ታልፋለች፤ ጨርቅ ከሌለ ሞተሯን አጥፍታ ትጣራለች፣ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። ጊዜውም ነዳጁም ለተቸገረው ይትረፍ ነው ነገሩ።

የመጨረሻው ፌርማታ የኦክታቭ ቤት ነው። ኦክታቭ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድሮ በዚያ እጁ ቫዮሊን ሲጫወት ወንበር ላይ የሚቀር ሰው አልነበረም። ያ ዘፈንም የሱ ነው። ኤልሚር በአሥራ ስምንት ዓመቷ ጫማዋን ወርውራ የጨፈረችው በሱ ነው።

ይህ የአሁኑ ማዕበል ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ዳቦና ባትሪ ልታደርስለት ሄደች። ሬዲዮው "ወደ ምሥራቅ ያልፋል" ሲል ስለዋለ ማንም ከቤቱ አልተነቃነቀም። አሥራ አራቱን ደረጃ ወጥታ ጉልበቷን ይዛ ቁጭ አለች።

"ካለፈ በኋላ ደግሞ ይሄን ደረጃ የምወጣ እንዳይመስልህ!"

"ማን ጠራሽ?"

"ጨርቅህ የት ነው?"

"መሳቢያው ውስጥ። ግን በነዚህ እጆች ቋጠሮ ስቋጥር ቀኑ ይመሻል።"

ኤልሚር ተነስታ ጨርቁን አወጣች። አጥሩ ላይ ራሷ አሰረችው፤ በጀልባ ቋጠሮ፣ ሁለቴ አጥብቃ።

"እንዴ! አንቺ ሹፌር፣ ገና ሳልተርፍ ተርፌያለሁ አስባልሽኝ እኮ!"

"ምን ትሆናለህ፣ ክፉ አይሞት!"

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አውሎ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ አላለፈም። ሌሊቱን ጣራ ሲገነጥል፣ ውሃ ሲነዳ አደረ። ሲነጋ ኤልሚር ጀልባዋን አወጣች። ከአንዱ ጣራ እናትና ልጅ አወረደች፤ ለአንዱ መድኃኒት አደረሰች። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ወገቧ ተቆርጧል፣ ነዳጁም ሊያልቅ ነው። ከሩቅ ነጩን ጨርቅ አየችው፤ ነፋሱ እንደ መሐረብ ያውለበልበዋል።

"ተመስገን፣ እሱም ደህና ነው" አለች። ሞተሩን ሳታጠፋ ጀልባዋን አዞረች። እጇ ያሰረውን ዓይኗ ረሳው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤቷ ጭቃ ስትጠርግ ያ ዘፈን መጣባት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆመች። "ኦክታቭን እጠይቀዋለሁ" አለች ለራሷ። ኦክታቭን ስትል እጁ ታያት፤ የሚንቀጠቀጠው፣ ቋጠሮ የማይቋጥረው እጁ። መጥረጊያውን ጥላ ወደ ጀልባዋ ሮጠች።

ኦክታቭን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አገኘችው። ቁምሳጥኑ እግሩ ላይ ወድቆ፣ ስንዝር በሚያህል ውሃ ውስጥ ሁለት ሌሊት ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ ውሃ ጠየቃት። ጠጣና፣

"ትናንት ሞተርሽን ሰማሁት" አላት። "ተጣራሁ፤ ሞተሩ በለጠኝ። በኋላ ‹እሷስ ደህና ናት› ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።"

ቢሰድባት በተሻላት።

ሐኪሞቹ አንድ ቀን ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር አሉ። ቆረጡት። ሂዩስተን ከተማ የምትኖር ሴት ልጁ ወደ እሷ ልትወስደው ነው፤ አሥራ አራት ደረጃ በአንድ እግር አይወጣም። የመንደሩ ሰው ግን ኤልሚርን ባየ ቁጥር "አንቺ ባትደርሺለት ሞቶ ነበር እኮ!" ይላታል። ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋታል። ጨርቁን ማን እንዳሰረው አንዳቸውም አልጠየቋትም፤ እሷም ለመናገር አፏን ትከፍትና ጭልፋዋን ታነሳለች።

አሁን ድስቱ አጠገብ የረሚ ስልክ ጮኸ። "አክስቴ፣ ኦክታቭ ነው! ከሆስፒታል!"

"በላሽ?" አለ ድምፁ፣ ቀጥኖ፣ ከሩቅ።

"ሰው እያበላሁ ነው።"

"ሸርጣኔን ከፍሪዘር አወጡት?"

"አወጡት። ድስት ውስጥ ነው።"

"ስንት ወር ያጠራቀምኩትን፣ ሌቦች! ጨው አልበዛበትም?"

"አልቀመስኩትም። ኦክታቭ… ያን ቀን ሞተሩን ባጠፋው ኖሮ…"

"አዎ" አላት። "ብታጠፊው ጥሩ ነበር።" ቀጠለና፣ "ጨርቁን ስታስሪው እኔም ስቄያለሁ፤ ፍቺው አላልኩሽም" አለ።

ኤልሚር ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

"ያ ዘፈን…" አለች፣ "ከ‹ሳይመጣ ጓደኛ› ቀጥሎ ምንድን ነው? ጠፋብኝ።"

"ምንም የለውም እኮ! እዚያ ጋ ቫዮሊኑ ብቻውን ነው፤ እናንተ ትጨፍራላችሁ። አንቺ የወረወርሽውን ጫማ ስትፈልጊ ነበር የሚያልቀው። በይ ሂጂ ብዪ፣ ሸርጣኑን ለረሚ እንዳትተዪለት።"

ስልኩን መለሰች። ጭልፋውን ለረሚ ሰጠችው፤ እሱም ሳህን ሞልቶ ሰጣት። ኤልሚር አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የኦክታቭን ሸርጣን በሁለት እጇ ሰበረች።

ጨው በዝቶበታል። ቅርፊቱ ብቻ እስኪቀር በላችው።