ሰጋሩ ፈረስ በወረቀት ላይ

የምሥራች የወረቀቶቹን ጫፍ በአውራ ጣቷ ስታርገበግብ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ፈረሱ ሄደ። አንገቱን እየሰበቀ፣ ጭራውን እየነሰነሰ፣ ከወረቀቱ ሳይወጣ ባለበት ሄደ። መምህር ሽመክት ወረቀቶቹን ተቀብሎ እሱም አርገበገባቸው፤ ደገመና አርገበገባቸው።

«አንገቱ ጥሩ ነው፤ ጭራውም ጥሩ ነው» አለ። «እግሩ ግን የግራ ፊትና የግራ ኋላ እኩል ይነሣሉ፤ የቀኝ ፊትና የቀኝ ኋላም እኩል ይነሣሉ። ይሄ ሁለት ሰው የተሸከመው አግዳሚ ወንበር ነው እንጂ ፈረስ አይደለም።»

«ጭራ ያለው ወንበር» አለ ሽባባው ከኋላ። ሁሉም ሳቁ። የምሥራችም አብራ ሳቀችና ሳቋን ሳትጨርስ ወደ መምህሩ ዞረች።

«መምህር፣ የአጎቴ ፈረስ እንዲህ ነው እኮ የሚሄደው።»

«አይተሽዋል?»

«ከአጎቴ ኋላ ተፈናጥጬ ነው ያደግሁት!»

«እኔ የጠየቅሁሽ አይተሽዋል ወይ ብዬ ነው» አለና ወረቀቶቹን መለሰላት።

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ነባሮቹ እስከ ዛሬ ቆሰበር በሚሏት በእንጅባራ ከተማ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። የምሥራች ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚያው ፎቶ ቤት የሰርግ ቪዲዮ ትቆርጣለች፤ ሙሽራው ሲያዛጋ ታወጣዋለች፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ታስረዝመዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ስዕል የለመደ ቢሆንም ሌሎች የቀረጹትን ከመቀጠል ያለፈ የራሷ የምትለው ሥራ አልነበራትም። ሽመክት አዲስ አበባ የአኒሜሽን ሥራ ተምሮና ሠርቶ ወደ እንጅባራ ሲመጣ፣ ያቺን የጀርባ ክፍል ተከራይቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ጀመረ። ከተመዘገቡት መካከል የመጀመሪያዋ የምሥራች ነበረች።

በየሳምንቱ አንድ መልመጃ ይሰጣቸዋል። መልመጃዎቹ ሲሰሙ የልጅ ጨዋታ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ኳስ ማንጠር ነበር። የምሥራች ኳሷን አንጥራ አመጣች፤ ኳሷ ግን ከላይ ስትወርድም መሬት ስትነካም ፍጥነቷ አንድ ነበር። «ይቺ ኳስ ክብደት የላትም፤ ሸረሪት በክር አንጠልጥላ የምታወርዳት ናት» አላት ሽመክት። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሳምንት ያህል ወድቆ የሚነሣ ነገር ባየች ቁጥር መንገድ ላይ ትቆማለች። ከባጃጅ ላይ ብርቱካን የተንከባለለባት ሴት ስታሳድድ፣ የምሥራች ብርቱካኑን ይዛ መርዳት ሲገባት ዝም ብላ አየችውና «ዓይንሽ አያይም?» ተብላ ተሰደበች። ዓይኗማ እያየ ነበር።

ሁለተኛው መልመጃ በዱቄት የተሞላ ከረጢት ነበር፤ ፊትና እጅ እግር የሌለው ከረጢት እንዲያዝን፣ እንዲደሰት ማድረግ። የምሥራች ቤት ውስጥ ያገኘችው የድንች ከረጢት ነበርና እሱን አስቀምጣ ሣለች። ከረጢቱ ቢያዝንም ትከሻው አልወርድ፣ ቢደሰትም ወገቡ አልታጠፍ አለ። ሽመክት ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በሉ ተመልከቱ፣ ድንች አያዝንም» አለ። ሦስተኛው ነፋስ ነበር፤ ለዚህ ግን ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከአከራይዋ አጥር ጥግ ያለውን ቀርከሃ በመስኮት እያየች፣ ግንዱ ወደ ግራ መመለስ ሲጀምር ጫፉ ገና ወደ ቀኝ እየሄደ መሆኑን ደረሰችበት። የቀርከሃው ጫፍ ወሬው ዘግይቶ እንደሚደርሰው ሰው ነው። ይህን ካየች በኋላ የነጠላ ጥለትም፣ የፈረስ ጭራም፣ የሴት ሹሩባም ሲወዛወዝ የሚታዘዘው ለዚሁ ሕግ መሆኑ ገባት፤ ሲገባትም ለብቻዋ ፈገግ አለች። ከዚያ የሰው አካሄድ መጣ። መናኸሪያ ቆማ ሰው ስትመለከት ዋለች። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጭነት ያዘለች ሴት ግን ራሷ በተዘረጋ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ነገር ቀጥ ይላል፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ጉልበቷ ነው። ለምን? ይህን ጥያቄ ይዛ ሳምንቱን ሙሉ ራሷ በመስታወት ፊት ተመላለሰች።

የፈረሱ መልመጃ ግን ከሌሎቹ ይለያል። በጥር በፈረሰኞች በዓል ሰሞን፣ ተማሪዎቹ ተባብረው የሚሠሩት አጭር ፊልም በአዳራሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ሊታይ ታስቧል። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንድ ሽማግሌ በፈረሱ ተቀምጦ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን ሊያስታርቅ ይሄዳል። ፊልሙ እኩሌታው ፈረስ ነው። ፈረሱን የሚሥለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የምሥራች ደግሞ ከማንም በፊት «ፈረሱን ለኔ» ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች።

«እስከሚቀጥለው ቅዳሜ» አለ ሽመክት። «ፈረስሽ ካልሄደ ፈረሱን ሽባባው ይሥለዋል።»

ሽባባው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የፈረስ አካሄድ ሠንጠረዥ አንድ በአንድ ገልብጦ ነበር። ፈረሱ በሥርዓት ይሄዳል። የየት አገር ፈረስ እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የምሥራች እየተናደደች አልወጣችም፤ የሚገርም ነገር ውስጧ ገብቶ ነበር። ሠንጠረዡን ስታየው የኋላው እግር ይቀድማል፣ የፊቱ ዘግይቶ ይከተላል። የምታውቃቸው ፈረሶች ሁሉ ደግሞ ሁለቱን ባንድ ያነሣሉ፤ ቢያንስ ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል። ወይ ሠንጠረዡ ተሳስቷል፣ ወይ የአገው ምድር ፈረስ ሌላ ፍጥረት ነው፣ ወይም ደግሞ «አይተሽዋል?» የተባለችው ጥያቄ በእርግጥ ጥያቄ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዛ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወረደች። አጎቷ ጋሽ ክንዴ ዳማ ፈረሳቸውን እያጠቡ ነበር፤ ለጥር ከአሁኑ ነው የሚሰናዱት።

«ጋሼ፣ እስቲ በዚህ ሜዳ አንድ ጊዜ ይለፉልኝ።»

«ምነው? ሰርግ አለ?»

«እግሩን ላይ ነው።»

ጋሽ ክንዴ ደንግጠው ጎንበስ አሉና የፈረሱን ሰኮና አንድ በአንድ አነሡ። «ምን ሆነ? አንክሷል እንዴ?»

«ምንም አልሆነ። ሲሄድ ልየው ብዬ ነው።»

ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ ከደጃፍ ሆነው ለባላቸው በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በአማርኛ መለሱት፤ «ተወልደሽ እስክታድጊ ስታዪው ኖረሽ ዛሬ ገና ሲሄድ ልታዪው መጣሽ? ከሰርግ ቪዲዮሽ ጋራ ፈረሱንም ልትድሪው ነው?»

«ሙሽራ ካገኘሁለት ምን ከፋኝ፣ እትዬ!»

የምሥራች ሣሩ ላይ በሆዷ ተኛች፤ ስልኳን ከፈረሱ ጉልበት ትክክል አድርጋ ያዘች። ጋሽ ክንዴ ጋቢያቸውን አጣፍተው አለፉ፤ ተመለሱ፤ አለፉ። ዳማው በሰጋር እርምጃው ሲያልፍ የጋላቢው ትከሻ ውኃ ላይ እንዳለ ታንኳ ጸጥ ያለ ነበር።

«ስንቴ ነው የምመላለስ? ጎረቤት አበደ ይለኛል እኮ!»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሼ።»

«ቅድምም አንድ ጊዜ ብለሽ ነበር።»

ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቪዲዮውን እያቆመች፣ እያስኬደች፣ እያቆመች ተመለከተች። አንገቷ ቀና አለ። እንደገና አየችው። የግራው ኋላ ይነሣል፤ የግራው ፊት ገና መሬት ላይ ነው። ከዚያ ለጥቂት ብቻ ዘግይቶ፣ ሲጠሩት «መጣሁ» ብሎ እንደሚነሣ ሰው፣ የፊቱ ይነሣል። እኩል አይደሉም። እኩል ሆነው አያውቁም።

ለጋሽ ክንዴ አሳየቻቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ስልክሽ ነው የተሳሳተ። ሰጋር ሁለቱን ባንድ ነው የሚያነሣ። አባቴም እንዲያ ነው የሚል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲሄድ እግሩን አይተውት ያውቃሉ?»

ጋሽ ክንዴ ስልኩን መለሱላት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «እላዩ ተቀምጬ እግሩን በምን ልየው? እኔ የማውቅ በወገቤ ነው። ጠላ በዋንጫ ይዤ ብቀመጥበት ጠብ አይልም። እንግዲህ ወገቤ ባንድ ይላል፤ ስልክሽ አይደለም ይላል።»

«ሲወለድም እንዲህ ነበር የሚሄድ?»

«ማን ሰጋር ሆኖ ይወለዳል? አንዳንዱን ፈጣሪ ያድለዋል፤ የዚህ ግን የእጄ ሥራ ነው። ሲገራ ግራውን ከግራው፣ ቀኙን ከቀኙ በለስላሳ ገመድ እያሰርን ነው ያስለመድነው። እርምጃውን የሚያጠብበው ገመዱ ነው።»

የምሥራች ብድግ አለች። «ያልታሰረ ፈረስ የት አገኛለሁ?»

ጋሽ ክንዴ በአገጫቸው ወደ ሜዳው ጠቆሙ። አንዲት ባዝራ ትግጣለች፤ ከጎኗ የዘንድሮ ውርንጭላዋ አለ።

ውርንጭላ ደግሞ መሄድ አይወድም። ወይ ይቆማል ወይ ይፈነጫል። የምሥራች ተከተለችው፤ ሸሻት። ተኛች፤ መጥቶ ጸጉሯን አሸተተ። እትዬ ይታይሽ «ድራማ ነው ዛሬ!» እያሉ ቆሎ በእፍኛቸው ይዘው ወጡና ከሜዳው ማዶ ሆነው ጠሩት። ያን ጊዜ ነው ወደ እጃቸው ቀስ ብሎ፣ እየተጠራጠረ የሄደው፤ እሷም የቀረጸችው። ግራ ኋላ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፤ አራቱም ተራቸውን ጠብቀው ወደ ቤት እንደሚገቡ እንግዶች።

ልክ እንደ ግድግዳው ሠንጠረዥ ነበር። ነገር ግን የዳማውም ተራ ይኸው ነው! የትኛው እግር የትኛውን እንደሚከተል አልተለወጠም። ገመዱ የቀየረው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት ከፎቶ ቤት ስትወጣ የጀርባዋ ክፍል እየገባች ሣለች። ከሥሩ አምፖል ያለው የመስታወት ጠረጴዛ መብራት ሲጠፋ ስለማይሠራ ወረቀቶቿን የመስኮት መስታወት ላይ እየለጠፈች በቀን ብርሃን ቀጠለች። ሽመክት የሰውን አካሄድ ሲያስተምር «ፈረስ ማለት ተከታትለው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ማለት ነው» ብሎ ነበር። ቃሉን ቃል በቃል ወሰደችው፤ የኋላውን ሰው በአንድ ክምር ወረቀት፣ የፊተኛውን በሌላ ክምር ሣለች። ሁለቱን ደርባ ስታስኬዳቸው ውርንጭላው ሄደ።

ረቡዕ ዕለት፣ ሥራው አልቆ መቀመጥ ስትችል፣ የፊተኛውን ክምር ወደ ኋለኛው ብታስጠጋው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጓጓች። የፊቱ እግር በአንድ ወረቀት ቀድሞ እንዲነሣ አስጠጋች። ደግሞ አንድ። ሁለቱ ፍጹም እኩል ሲሆኑ ያ የሳቁበት አግዳሚ ወንበር ተመልሶ መጣ። ጥቂት ወደ ኋላ መለሰችው። ዳማው ነበር። አንድም አዲስ መስመር ሳትጨምር ያው ውርንጭላ ተገርቶ መጣ። ወንበሯ ላይ ተደግፋ፣ ገመዱን በእጇ የያዘች እስኪመስላት ድረስ እያስጠጋችና እያራቀች ለረጅም ጊዜ ተጫወተችበት።

ቅዳሜ ሽመክት የመጀመሪያውን አርገበገበ።

«ይሄ ሄዷል» አለ። «መልመጃውን አልፈሻል።»

«ይሄንንም ይዩልኝ።»

አርገበገበው፤ ቆመ፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ እንደገና አርገበገበው። «ይሄ ሌላ ፈረስ ነው።»

«ያው ወረቀት ነው መምህር። የፊቱን እግር ብቻ አስጠግቼዋለሁ። ሰጋር ነው።»

«ያለፈው ሳምንቱስ?»

«ያኔ የሰማሁትን ነበር የሣልሁት።»

ሽባባው ጠጋ ብሎ ሁለቱን አወዳደረ። የራሱን ፈረስ ከጠረጴዛው አነሣና ጎን ለጎን ያዘው። «የኔ ጨዋ ነው ግን አልተገራም» አለ። «ለመሆኑ ሽማግሌው የቱ ላይ ነው የሚቀመጥ?»

«አዳራሹን የሚሞላው ፈረሰኛ ነው» አለ ሽመክት። «ሽማግሌ ለዕርቅ ሲሄድ በምን እንደሚሄድ እነሱ ያውቃሉ። ሰጋር ይሁን። ፈረሱ ያንቺ ነው፣ የምሥራች። አንተ ሽባባው ሽማግሌውን ውሰድ፤ እላዩ ስትቀመጥ ግን እንዳትነቃነቅ፤ ሰጋር ላይ የተያዘ ጠላ ጠብ አይልም።»

«እኔ ጠላ አልይዝም፣ ይቅርብኝ» አለ ሽባባው።

የመጀመሪያው ትዕይንት ሽማግሌው ከወንድማማቾቹ ደጅ ደርሶ ፈረሱን ሲያቆም ነበር። የምሥራች አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ልጓሙን ወጠረች፤ አንገቱን ቀና አደረገች፤ እግሩ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

«መምህር፣ ሰጋር ሲቆም የቱ እግሩ ነው አስቀድሞ የሚቆመው?»

ሽመክት ወደ ሠንጠረዡ ዞረ። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ፈረስ አይቆምም። የምሥራች ስልኳን አውጥታ የእሑዱን ቪዲዮ ሁሉ አየች፤ ዳማው በሁሉም እየሄደ ከሥዕሉ ይወጣል፤ የሚቆመው ከሥዕሉ ውጭ ነው።

ጋቢዋን ከወንበሩ አነሣች።

«ወዴት ነው?» አለ ሽመክት።

«ጋሼን አንድ ጊዜ ብቻ ላስቆማቸው» አለችና ወደ ሚኒባሱ ሮጠች።