«ለባሕር አላስርም» ያሉት ወይዘሮ ጥሩወርቅ

የሐረር ፈላና በሯን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ለምታውቁ ሁሉ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በቤታቸው አርፈዋል። ሕመማቸው የጡት ካንሰር ነበር፤ ሐኪም ዘንድ የደረሱትም ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። በማግሥቱ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ከወሎ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ በግቢያቸው ተከራይቼ የኖርኩ መምህር ነኝና፣ ርቃችሁ ቀብራቸው ላይ ላልደረሳችሁ ይህን መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆኗል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እዚሁ ሐረር የተወለዱ የወታደር ልጅ ነበሩ። በጠባቧ ሱቃቸው ክር፣ መርፌና የልብስ ቁልፍ ይሸጣሉ። ለክርስቲያኑ የማተብ ክርና የእንጨት መስቀል፣ ለሙስሊሙ የጸሎት መቁጠሪያው ተስቢህ፣ ለሕፃናት ደግሞ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል የሚባለው ሰማያዊ ጨሌ ከእሳቸው ዘንድ አይጠፋም። የሚገዛው ሰው ካልቸኮለ በገዛ እጃቸው ያስሩለታል። «ይሠራል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው፣ «እኔ ክር እሸጣለሁ፤ ጠባቂው ሌላ ነው» ይሉ ነበር።

ከአንገታቸው ማተብ ሌላ፣ በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ነጭ ክር ያስሩ ነበር። ብዙዎቻችሁ ስለ እሱ ጠይቃችኋቸው ይሆናል። በወጣትነታቸው በአንድ ዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆነው ሲኖሩ፣ ኩማሪ የምትባል የስሪላንካ ሴት አብራቸው ትሠራ ነበር። በኩማሪ አገር የቡድሃ መነኮሳት ሲጸልዩ አንድ ረጅም ክር እየተቀባበሉ ይይዛሉ፤ ምእመናኑም ጫፉን ይይዛሉ። ጸሎቱ ሲያበቃ ክሩ ይቆረጥና በየሰዉ እጅ ላይ ይታሰራል። ሲለያዩ ኩማሪ ከዚያ ክር አንድ ጥቅል ሰጠቻቸው፤ እጃቸው ላይ ያለው ባረጀ ቁጥር ከጥቅሉ እየቆረጡ ይተኩት ነበር።

ኩማሪ ከጣት የማትበልጥ የናስ የቡድሃ ምስልም ነበረቻት። በጨርቅ ጠቅልላ ከሩዝ ጆንያ ጀርባ ትደብቃትና ማለዳ ማለዳ ውሃ በሲኒ ታቀርብላታለች። አንድ ቀን የቤቱ እመቤት አገኘቻትና ቆሻሻ ውስጥ ወረወረቻት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቆሻሻውን በእጃቸው በርብረው አወጧት፤ አጥበውም ለባለቤቷ መለሱ።

«እትዬ፣ ጣዖት ነው ብለው አልፈሩም?» አልኳቸው።

«ፈርቼ ነበር። ኋላ ኩማሪን ጠየቅኳት። "ሀብት አልለምነውም፤ ሳየው ንዴቴ ይበርድልኛል" አለችኝ። በዚያ ቤት ንዴት የሚያበርድ ነገር ብታገኝ፣ መምህር፣ አንተም አትጥለውም ነበር።»

አንድ ልጃቸው ሄኖክ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ ከደላላ ጋር ተነጋግሮ በሶማሊያዋ ወደብ በቦሳሶ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን ለመሄድ ቆረጠ። እናቱ ለመኑት፤ አልሰማም። በመጨረሻ በክርስትናው ጊዜ ያሰሩለትን ማተብ በአዲስ ክር ቀየሩለት። ከኩማሪ ክር ቆርጠው እጁ ላይ አሰሩለት። በሐረሪ ወግ «አባይ»፣ ታላቅ እህት፣ እያልን የምናከብራቸው ሐረሪዋ ጎረቤታችን ፋጡማም በቆዳ የተሰፋ፣ በውስጡ የቁርኣን አንቀጽ ያለበት ክታብ አመጡለት። ሄኖክ ሁሉንም አጥልቆ፣ እየሳቀ ተሰናበተን።

ጀልባው ተገለበጠ። ወሬውን በስልክ የነገረን ከሞት የተረፈ ጓደኛው ነው። አስከሬን አልተገኘም።

አባይ ፋጡማ እያለቀሱ መጥተው፣ «የእኔ ክታብ ምን ሠራለት? ወላሂ፣ ምን ሠራለት?» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ያዙ። «አባይ፣ እርስዎ ፍቅርዎን ነው ያሰሩለት። ባሕሩ ማንበብ አይችልም» አሏቸው። ከዚያም አቅፈዋቸው አለቀሱ።

ሱቁን ይዘጋሉ ብለን ነበር፤ አልዘጉም። ከዚያ በኋላ ግን ለስደት የሚነሣ ልጅ ይዛ የምትመጣን እናት ይመልሷት ጀመር። «ለፈተና አስራለሁ። ለታመመ አስራለሁ። ለባሕር አላስርም» ይላሉ። ልጁን አስቀምጠው ስለ ሄኖክ ይነግሩታል። ሰምተው የቀሩ አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ይህን ያነባሉ።

የሠፈራችን ወይዘሮ ዘነበች ልጇን ሜሮንን ይዛ የመጣች ዕለት እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ።

«እሰሪላት፤ ነገ መንገደኛ ናት» አለች ዘነበች።

«አላስርም። ሜሮንዬ፣ እባክሽ ቅሪ። እዚሁ ሱቅ አብረሽኝ ሥሪ።»

ሜሮን አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ ሁሉም ሄደው እኔ ብቻ ቀረሁ» አለች።

«ክር ከለከልሽኝ ማለት ነው?» አለች ዘነበች።

«ሂጂ የሚል ክር የለኝም።»

ሜሮን በነጋታው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። ወራት አልፈው ተስፋዋ ሲሟጠጥ፣ ዘነበች በአንድ ለቅሶ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥታ ጮኸች፦ «ልጄን ባዶ አንገቷን የሰደደችብኝ እሷ ናት!»

ወደ ቤት ስንሄድ ለምን ዝም እንዳሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጠየቅኳቸው። «እሳት ይዛለች። በእኔ ላይ ካልጣለችው የት ታድርገው?» አሉኝ።

የሜሮንን ፎቶ ከእህቷ ተቀብለው በስልካቸው ያዙ። ከየመን የተመለሰ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ወይም ቤቱ ድረስ እየሄዱ ያሳያሉ። «አይተሃታል ልጄ? ደህና አድርገህ እያት» ይሉታል። ሕመሙ እጃቸውን አሳብጦት እንኳ ይሄዱ ነበር። አይቻታለሁ የሚል አልተገኘም። ዘነበችም ይህን እያወቀች በመንገድ ስታገኛቸው ፊቷን ታዞር ነበር።

አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ «መምህር፣ ባስርላት ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክል ነበሩ ብዬ ላጽናናቸው ፈለግሁ። ዓይናቸውን ሳይ ግን ተነሥቼ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

በዚያው ሰሞን ዘነበች በራቸው ላይ መጥታ ቆመች።

«ይቅርታ ልልሽ አልመጣሁም። ልጄ ዛሬም የለችም።»

«አውቃለሁ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ተነሣች፤ ውሃ አሙቃ ገላቸውን አጠበቻቸው፤ አንሶላቸውን ቀየረች። እስከ መጨረሻው ዕለት ስትመላለስ ይቅርታ የሚለው ቃል ከሁለቱም አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። በቀብሩ ላይም አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲበተን ብቻዋን ቀርታ የመቃብሩን አፈር በእጇ ታስተካክል ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎን ከሸኘን ወዲህ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ሱቅዎ መጥታ ነበር። በሩ መቆለፉን አይታ፣ እኔን አየችኝ። የእርስዎን ቃል ልነግራት ሞከርኩ፤ በእኔ አፍ ግን ክብደት አጣ። ልጇን ይዛ ሄደች። እርስዎ በቃዎት፤ ብዙ ደክመዋልና ይረፉ። ባሕር ከነጠቀዎት ልጅዎ፣ ከሄኖክ፣ አምላክ ያገናኝዎ፤ ዓይንዎ ይየው። ሜሮንን ግን፣ እትዬ፣ እዚያ አያግኟት።