ፊልም አከራዩ በራችን ላይ

ቦንጋ ሳስተምር ፊልም የምንከራየው ከወሎ መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ ከከፈቱ ሽማግሌ ነበር። የባለቤቴን ምርጫ ስለሚያውቁ፣ አዲስ ፊልም ሲመጣላቸው ለሌላ ሳያከራዩ ያስቀምጡልን ነበር። በኋላ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ያሻንን እያወረድኩ በፍላሽ ማምጣት ጀመርኩና ከሱቃቸው ቀረሁ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝ። «መምህር፣ ምነው ጠፋችሁ? ያስቀየምኳችሁ ነገር አለ?» አሉኝ።

እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ኧረ የለም ጋሼ፣ ማጫወቻችን ተበላሽቶብን ነው» አልኳቸው።

እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት የሱቃቸውን ማጫወቻ በፌስታል ጠቅልለው ታቅፈው ቆመዋል።

«የእናንተው እስኪሠራ በዚህ እዩ ብዬ ነው» አሉ።

ከኋላዬ ልጆቼ ያወረድኩላቸውን ፊልም በቴሌቪዥን እያዩ ይስቃሉ። ሽማግሌው ወደ ውስጥ አሻግረው አዩ።

«እሰይ! ተሠርቶላችኋል ማለት ነው» ብለው ማጫወቻቸውን እንደታቀፉ ተመለሱ።

ተከትያቸው ወጥቼ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ከዚያ ወዲያ በሱቃቸው በኩል ማለፍ ትቼ፣ ዝናብ እየጣለ እንኳ ዞሬ እሄድ ነበር። ሱቁን ዘግተው ዋጫ ከተማ ሄደው ጨርቅ እንደሚሸጡ የሰማሁት ከተማሪዎቼ ነው። ዋጫ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሄጄ አላየኋቸውም።