በአንድ እጅ የሚከፈት መተኮሻ

የተዘጋ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ልጅ ሆኜ የሬዲዮውን ጀርባ፣ የግድግዳ ሰዓቱን ሆድ እየፈታሁ ስንት ዱላ ቀምሻለሁ! ዱላውም አላስተወኝም፤ ይኸው ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ቶርኖ አስተምራለሁ፤ ብረት መቅረጽና መብሳት እንጀራዬ ሆኗል። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ማዳበሪያ ሙሉ ጠመንጃ ተሸክሞ ማንኩሳ፣ አባታችን ቤት የገባ ዕለት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ የማዳበሪያውን አፍ የፈታሁት እኔ ነኝ።

«በስመአብ! ምን ልታደርገን ነው አንተ?»

«መጫወቻ ነው እኮ» አለኝ እየሳቀ።

ፔይንትቦል ይሉታል። በታመቀ አየር የሚሠራ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀለም የሞላት እንክብል የሚተፋ መተኮሻ ነው። ሰዎች በሁለት ወገን ይሆኑና ጭንብል አጥልቀው በዛፍ መሀል ይተኳኮሳሉ፤ ቀለም ያረፈበት «ሞተ» ይባልና ወጥቶ ይቀመጣል። ወንድሜ ይሠራበት የነበረው የመዝናኛ ቦታ ሲዘጋ ባለቤቱ እነዚህን አሮጌዎች ሰጠው። እሱም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በአባታችን ባሕር ዛፍ ውስጥ ሊያጫውትባቸው ቆርጦ መጣ። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ ሜዳ ለሜዳ መሮጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቀበሌ ሄዶ አስረድቶ፣ ፖሊስ መጥቶ አይቶ፣ በመጨረሻ ሁሉንም እንደ በቆሎ ቢጫ ቀባናቸውና ተፈቀደልን።

እሑድ እሑድ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም አስተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው ይመጣ ጀመር። ችግሩ እንክብሏ እዚያው መተኮሻው ሆድ ውስጥ መፈንዳቷ ነው። ያኔ ቀለሙ እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ መተኮሻው ድርቅ ይላል። ለመክፈት መጠናቸው የተለያየ ብሎኖች ብሩጎላ በሚሉት ባለ ስድስት ጎን መፍቻ መፍታት አለብህ፤ የመጨረሻውን ስትፈታ ሞላው ተስፈንጥሮ ሣር ውስጥ ይገባል። ከዚያማ ተጫዋቹም አጫዋቹም ተንበርክኮ ሞላ ፍለጋ ነው! ንዴቴ ልክ አልነበረውም። ይህን የነደፈ ሰው ስለ መተኮስ እንጂ ስለ መጠገን አንድም ቀን አላሰበም፤ ቢያስብ ኖሮ ጥፍር የምታህል ሞላ በአራት ብሎን አይደብቅም ነበር።

አባታችን በዚህ ሁሉ መሀል የሉም ነበር። ቤት ውስጥ ናቸው፤ ግን የሉም።

ስትሮክ የሚሉት በሽታ ቀኝ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ እግራቸው እየተጎተተም ቢሆን ይሄድ ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጭራሽ አልታዘዝ አለ። በእኛ አገር ደንብ ጠመንጃ ያለው ሰው ጠመንጃውን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይወለውላል፣ ራሱ ይገጥማል፤ ሌላ ሰው አያስነካም። አባቴ በዚህ የተመሰገኑ ነበሩ፤ የነከሰ፣ አልተኩስ ያለ ጠመንጃ ያለው ሁሉ እንዴት እንደሚፈታው የሚያማክር እሳቸውን ነበር። እጃቸው በሰነፈ ሰሞን የገዛ ጠመንጃቸውን ቋሪት ለሚኖረው ወንድማቸው ላኩለት። «የማይፈቱትን መያዝ ነውር ነው» አሉ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ከደጅ አልወጡም። ቤተ ክርስቲያን እንውሰድዎ ብንል እምቢ፣ ጸበል ብንል እምቢ፣ ፀሐይ እንኳ ይሙቁ ብንል «እዚሁ ይሞቀኛል» ነው። እናታችን ቀድማ ሄዳለች። እሳቸውም ተራቸውን እየጠበቁ መሰለኝ፤ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ቁጭ ብሎ ሞትን መጠበቅ ምን የሚሉት ሥራ ነው!

አንድ ቅዳሜ የነከሰ መተኮሻ ይዤ ገባሁና መደቡ ላይ ትቼው ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ በግራ ጭናቸው ሥር ወሽቀውት በግራ እጃቸው ያገላብጡታል። በሩ ላይ ቀጥ አልኩ።

«የዚህ ሆዱ በየት ነው?» አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ።

ብሩጎላውን ሰጠኋቸው። ላብ እስኪያጠምቃቸው ታግለው ብሎኖቹን ፈቱ። ክዳኑን ይዞ ሞላውን የሚያፍን ሁለተኛ እጅ ግን የለ፤ ሞላው ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ። እኔም ችኩሏ ዘልዬ «ይተዉት አባዬ፣ እኔ ልክፈትልዎ!» አልኳቸው።

መተኮሻውን ቀስ አድርገው ገፉት። «ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው የተሠራ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። 

ፍኖተ ሰላም እስክደርስ መኪናው ውስጥ ያ ነገር ሲብላላብኝ መጣ። ሁለት እጅ ላለው ሰው የተሠራ! እውነት እኮ ነው፤ ግን ለምን? አንድ ነገር ለመክፈት ስንት ጣት ይበቃል? አንዱ እጅ የሚይዘው ምኑን ነው፣ ሌላውስ የሚሠራው ምኑን? እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ ከሐሳቡ ይልቅ ጉጉቱ ነው የነሳኝ።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ቀኝ እጄን በነጠላ ከወገቤ ጋር ጥፍር አድርጌ አሰርኩና ሥራ ጀመርኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «ምነው ሸዋ! ማን አሰረሽ?» ይላል አንዱ። «ትታሰር እንጂ፣ ብረት ፈጀች» ይላል ሌላው። ይበሉ! በግራ እጄ ብቻ ስነካካው ስንት ነገር ተማርኩ መሰላችሁ። ሁለት እጅ ሳለኝ የማላስተውለው ሁሉ ቁልጭ አለልኝ።

መጀመሪያ ያወጣሁት ሐሳብ ብሎኖቹን ሁሉ አስወግዶ የኋላ ክዳኑን ተጭኖ በማዞር ብቻ የሚከፈት ማድረግ ነበር። ቆንጆ ሆነ፤ በሁለት እጅ። በአንድ እጅ ግን ስጫነው መተኮሻው ከጭኔ ሥር ሾልኮ መሬት! ለካ የሚይዝልህ ሌላ እጅ ከሌለ መጫን የሚባል ነገር የለም። አፈረስኩት። ቀጥሎ እንደ አሮጌ ሻንጣ ቁልፍ በአውራ ጣት ወደ ላይ የሚነሳ መቀርቀሪያ ሠራሁ፤ እሱን ደግሞ ከልማድ በቀኝ በኩል ገጥሜዋለሁ! ራሴን ሰደብኩና ወደ ግራ አዞርኩት። ሞላውን በመሐሉ በሚያልፍ ዘንግ ላይ አሰርኩት፤ ከዘንጉ ጫፍ ጣት የምታስገባ ቀለበት በየድኩበት። መቀርቀሪያውን አንስተህ ቀለበቷን ስትስብ ሆድ ዕቃው ሁሉ እንደ ተሰካካ ይወጣል፤ የሚስፈነጠርም የሚጠፋም የለም።

ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረው። የታመቀውን አየር የሚይዘውን ሲሊንደር ሳልነቅል ከፈትኩትና ውስጡ የቀረው ቀለም ፊቴ ላይ ጯ! ባልደረቦቼ አሁን ሳቁ አልበቃቸው ብሎ ተንከባለሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። እኔ ፊቴን ታጥቤ መጣሁ፤ የአባቴ ፊት ቢሆንስ ኖሮ? ስለዚህ አንዲት ፒን ጨመርኩ፤ ሲሊንደሩ ሲገባ ወደ ላይ ይገፋታል፣ እሷም መቀርቀሪያውን ትይዛለች። ሲሊንደሩን ካልነቀልክ ብትታገል አይከፈትም። ከዚያ በኋላ ነጠላውን ከእጄ ፈታሁ።

ለአባቴ ስሰጣቸው ለእርስዎ ብዬ ነው አላልኩም። ማን ደፍሮ! «ወንድሜ ጊዜ የለውም፤ እነዚህን የሚወለውል ሰው ጠፋ» ብዬ አንዱን መደቡ ላይ አኖርኩ።  ቆይተው ጨርቅ ጠየቁ። ሲሊንደሩን ነቀሉ፣ ጭናቸው ሥር ወሸቁት፣ አውራ ጣታቸው መቀርቀሪያዋን ራሷ አገኘቻት። ቀጭ! ቀለበቷን ሳቡ፤ ሆድ ዕቃው ወጣ። አላመሰገኑኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ብቻ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይሉ ነበር» ብለው መወልወል ያዙ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። እንዲያ እየመጣሁ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ለወጥኩ፤ የመወልወሉ ሥራ የእሳቸው ሆነ።

አንድ እሑድ ወንድሜ ደወለ፤ ከጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «ሁሉም ነክሷል! አንድ የሚተኩስ የለም! ከቡሬ ድረስ የመጣ እንግዳ ይዤ ጉድ ሆንኩ!»

«ቀለም ነው?»

«ምን ቀለም! ኑግ ኑግ ይሸታል። አባዬ የኑግ ዘይት አጠጥተዋቸዋል!»

ክው አልኩ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመንጃቸውን የሚቀቡት በጨርቅ ባጠለሉት የኑግ ዘይት ነበር፤ የጠመንጃ ዘይት ከማይገኝበት ዘመን የመጣ ልማድ ነው። የጠመንጃ ብረት በየሳምንቱ ስለሚወለወል ችሎት ኖሯል። እዚህ ግን ዘይቱ በየጎማ ቀለበቱ፣ ጎሚኒ በምንለው ላይ ተኝቶ ሰነበተና እንደ ማስቲሽ ደረቀ። ብስጭቱስ ይሁን፤ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ይህን ከሰሙ እንደገና ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ አሁን ከዞሩ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም።

«እንዳትነግራቸው፣ በሞቴ!» አልኩትና መኪና ተሳፍሬ መጣሁ።

ስደርስ ወንድሜ ማዳበሪያውን ቤት አስገብቶ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። መከርን። ጨለም ሲል አውጥተን እኛው እናጥባቸው፣ የኑጉንም ዘይት ቀስ ብለን እንሰውረው ተባባልን። ገና ሹክሹክታችንን ሳንጨርስ ከቤት ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ያችን ድምፅ በተኛሁበት አውቃታለሁ። ተያይተን ገባን።

አባቴ አንዱን ከፍተው ሆድ ዕቃውን አፍንጫቸው ሥር ይዘውታል። አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ይቺ ጎማ ኑግ አትወድም» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ስንቱ ነከሰ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«ሁሉም» አለ።

«ሁሉም?»

«አዎ አባዬ።»

 አንገታቸው ወደ ግድግዳው እስኪዞር ጠበቅሁ። አልዞረም። ያ የተጣመመ ከንፈራቸው በአንድ ወገን ከፍ አለና ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «ታዲያ ሁሉንም ነዋ የቀባሁት! መቼ አዳላሁ!»

ወንድሜም ፈነዳ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ እየተበላሸ መጣብኝና መተኮሻ አንስቼ ክዳኑን የማይ መሰልኩ።

«ምን ይቀባል ታዲያ?» አሉኝ።

«ከአየር ጋር የሚስማማ ቀጭን ዘይት አለ። ጠብታ ብቻ።»

«ያንን አምጪ። ደግሞ ሲነክስ እዚያው ሲነክስ ነው ማየት፤ በማዳበሪያ ተሸክማችሁ እስክታመጡልኝ ቀለሙም ይደርቃል፣ ምክንያቱም ይጠፋል። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው እኮ የያዘውን ሰው ሲያዩት ነው የሚታወቀው።» ጨርቁን አጣጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። «የሚቀጥለው እሑድ ባጃጅ ጥሩልኝ።»

«ለምን?» አለ ወንድሜ፤ እኔ ብሆን ኖሮ አልጠይቅም ነበር።

«ባሕር ዛፉ ዘንድ ልውል ነዋ!»

በእሑዱ ወንድሜ ባጃጅ ሊጠራ ሄደ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ጋቢያቸውን ፈለግሁ። ይዤው ስወጣ መደቡ ባዶ ነው። ከዘራቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ደጅ መንገዱ ዳር ቆመው ባጃጁን ይጠብቃሉ።