አንድ ጀማሪ ፍለጋ

የሥራ ባልደረቦቹ «መነኩሴው» ይሉታል። ቆብ ስለደፋ አይደለም፤ ከሰው ስለማይቀላቀል ነው። ምሳውን ኮምፒውተሩ ፊት ይበላል፣ ሲቀልዱ ከሁሉ ዘግይቶ ይስቃል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ እንዴት ዋልክ የሚለው የለም። ለምጄዋለሁ ይላል። ውሸቱን ነው፤ ብቸኝነትን ማን ይለምደዋል!

ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው። አንድ ማሠልጠኛ ቤት ስለ ፍሬምወርክ የጀማሪዎች መመሪያ ጻፍልን አለው። ፍሬምወርክ ማለት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉን ከባዶ እንዳይጀምር ምሰሶና ማገሩ ቀድሞ የቆመለት መዋቅር ማለት ነው። ጻፈ። ያውም እንዴት አድርጎ! ከአፉ የማይወጣው ቃል ከጣቱ ጎረፈ። «አይዟችሁ፣ ስህተት ቢያሳያችሁ አትደንግጡ» የሚል ሁሉ አለበት፤ እሱን አይዞህ የሚለው ሳይኖር።

ማሠልጠኛው ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ምንም የማያውቅ ሰው መመሪያውን ብቻ እያየ ሠርቶ ይጨርስ፣ ያኔ እናትመዋለን አሉ። መነኩሴው እዚህ ላይ ክው አለ። ስልኩ ውስጥ ያለውን ስም ከላይ እስከ ታች ቢያገላብጥ፣ እባክህ ተቸገርልኝ የሚለው ሰው አጣ። የቀረችው እህቱ ብቻ ናት።

እትዬ ታላቁ ናት፤ በእጇ ያሳደገችው፣ ልብስ ሰፊ። ሞት ይርሳኝ፣ ልጇ አግብታ ከወጣች ወዲህ እሷም የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቤቷ በሁለት ታክሲ ይደረሳል፤ እሱ ግን ሥራ ሥራ እያለ ከረመ። አሁንም አሮጌ ላፕቶፑንና መመሪያውን አሽጎ በሰው ላከላት። በራሱ እግር ቢሄድ ምን ነበረበት? አጠገቧ ከተቀመጥኩማ መርዳቴ አይቀርም፣ ፈተናው ይበላሻል አለ። ሰበብ መቼ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ስልክ መጠበቅ ሆነ ሥራው። ስልኩ ዝም። ሰልችቷት ጥላዋለች ብሎ ሆዱ ባባ። እትዬም ካላነበበችው፣ የሚያነብለት ሰው በዓለም ላይ የለም ማለት ነው። ሳምንት ሲያልፍ አልቻለም፤ ሄደ።

በሩን ከፍታ አገላብጣ ሳመችው። ላፕቶፑ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ያፏጫል፤ እንደበራ ነው የከረመው። ካውያዋ ተነቅሎ፣ ያልተተኮሰ የደንበኛ ልብስ ተከምሯል። ለካ ካውያው ሲሰካ አንዳንዴ የቤቱን መብራት ያጠፋዋል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ የሞተ ነው። ላፕቶፑ እንዳይጠፋባት ብላ ልብሱን ጎረቤት እየወሰደች ነበር የምትተኩሰው።

«ምነው እትዬ?» አላት።

«ሰርቨሩ እንዲሠራ ጥቁሩን ገጽ አትዝጉት ብለህ ጽፈህ የለ? መቼ እንደሚዘጋ ፈልጌ አጣሁት።»

እውነቷን ነው፤ ሰርቨር የሚባለው ድረ ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም የሚሠራው በዚያ ጥቁር ገጽ ውስጥ ነው፤ መቼ እንደሚዘጋ ግን አልጻፈውም። እሱ ራሱ ዘግቶት አያውቅማ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የኮምፒውተሩ ብቻ ስለሆነ ቀንም ሌትም አያጠፋውም። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ለምን አልደወልሽም ቢላት፣ ሥራ ላይ ነህ ብዬ አለች። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው። ቢሆንም እትዬ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ሠርታ ጨርሳ ኖሯል። የሰፋቻቸው ቀሚሶች የተደረደሩበትን ገጽ ከፍታ አሳየችው። የመነኩሴው ፊት በራ፤ መመሪያው መታተሙ ነው። የጥቁሩን ገጽ መዝጊያ ሁለት ቁልፎች ከኪቦርዱ ላይ አሳያት፣ ጫነች፣ ከዚያም ላፕቶፑን አጠፋችው። ማፏጨቱ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ።

እትዬ ካውያዋን ሰክታ እስኪግል ቆመች።

«የኔ ወንድም፣ ይሄን ሁሉ ከምትጽፍልኝ አንድ ቀን መጥተህ ብታሳየኝ አይቀልም ነበር?»



«ይቀል ነበር» አለ ያን ሁሉ ገጽ የጻፈው ሰው፣ እንባው ቀድሞት። እሷም እንዳላየች ሆና የደንበኛውን ሸሚዝ ዘረጋች።