ከመድረክ ያልወረደው

ዝናብ የነካው ጆንያ የራሱ ሽታ አለው። ጀንፈል ቡና ተሞልቶበት የከረመ ሲሆን ደግሞ ሽታው ይብሳል፤ ግማሹ አፈር፣ ግማሹ የበሰለ ፍሬ፣ የተረፈው እርጥብ ገመድ ነው። ባለፈው ክረምት ኡካ ከተማ የምኖርበት ቤት ጣሪያው አፈሰሰና ጥግ ላይ የደረደርኩት ባዶ ጆንያ ራሰ። ልጄ ሲፈን አፍንጫዋን ይዛ፣ ይሄን ነገር ከቤት አውጪው ብላ ነዘነዘችኝ። እኔ ግን ማውጣቱን ትቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ዓይኔን ስጨፍን መቱ ነበርኩ፤ ጋሼ ተሰማ ቪዲዮ ቤት፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ።

ለሲፈን ስለ ጋሼ ተሰማ የነገርኳት ያን ዕለት ነው። እግረ መንገዴንም በልጅነቴ እሳቸው ቤት ስላየሁት፣ መጨረሻውን ሳላየው ስለቀረሁት የአንድ ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ፊልም አወራኋት። እሷ የዘመኑ ልጅ ናት፤ ይሄን ያህል ምን ያስቸግራል ብላ ስልኳን አነሳች። በሁለተኛው ቀን አገኘችው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ቀድሞ የቡና መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በጆንያ ተጋርደዋል። ከፊት፣ ጀርባው የጎበጠ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ካሴት የሚውጥ ዴክ፣ ከጎኑ ደግሞ ከፍ ያለ ዱካ አለ። ዱካው የጋሼ ተሰማ ዙፋን ነው። እጃቸው ላይ ረጅም ሸምበቆ ይይዛሉ። ፊልሙ ሲጀመር በሸምበቆው ስክሪኑ ላይ አንዱን ሰውዬ ይነኩና "ይሄ ክፉ ነው፤ ፊቱን ልብ በሉት" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት አፋቸው አይዘጋም።

የቻይናውን፣ የህንዱን፣ የአሜሪካኑን ፊልም ሁሉ የሚተረጉሙልን እሳቸው ነበሩ። አተረጓጎማቸውም ሕግ ነበረው። ፍቅረኞች በአማርኛ ይነጋገራሉ። እናቶች ግን፣ የየትም አገር እናት ትሁን፣ ልጃቸውን የሚመርቁት በኦሮምኛ ነው። ዳኛ ሲፈርድም በኦሮምኛ ነው፤ ጊዜው የክልሉ ነዋ። ዘወትር ጠዋት በሩን ዘግተው ካሴቱን ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር ያዩታል። የማይገባቸውን ቋንቋ እንዴት አድርገው እንደሚረዱት ግን የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪ ናቸው። አንድ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር ሊያዩ ገብተው፣ ሰውዬው ያለው እንዲህ አይደለም ብለው ተቃወሙ። ጋሼ ተሰማ ምንም አልተቆጡም። "መምህር፣ እርስዎ ቃሉን ይተርጉሙ። እኔ የምተረጉመው ሰውየውን ነው" አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም አብረው ሳቁ።

አንድ ነገር ብቻ አይተረጉሙም ነበር፤ ዘፈን። የህንድ ፊልም ላይ ልጅቷ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ብላ መዝፈን ስትጀምር ጋሼ ተሰማ ሸምበቆውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ሁሉ ለምዶታል። እኔ ግን ነገር የማልተው ልጅ ነበርኩና አባቴን ጠየቅኩት።

አባቴም ነገረኝ። ጋሼ ተሰማ በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበሩ። ድምፃቸው ከአንድ ኮረብታ ወደ ሌላው ይሰማ ነበር ይላል አባቴ። ጎሬ ላይ ትልቅ በዓል ሆኖ፣ ሜዳው በሰው ተሞልቶ፣ ባለሥልጣናቱ ፊት ለፊት ተደርድረው፣ ጋሼ ተሰማ አዲስ ዘፈን ሊያሰሙ መድረክ ላይ ወጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ማይኩ ሞተ። እሳቸውም አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ተሰማ ማይኩን አስቀምጠው ከመድረኩ ወረዱና በእግራቸው ወደ መቱ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያንጎራጉሩ እንኳን የሰማቸው የለም።

"እኔም ስቄያለሁ" አለኝ አባቴ። ይሄን ሲለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

የመቱ ሰው ደግሞ ለተረብ ማን ብሎት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ንግግሩ መሃል ላይ ከጠፋበት፣ ተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ መልሱ ከራቀው፣ ሽማግሌ ምርቃት ጀምሮ ካቆመ፣ "ጎሬ ደረሰ" ይባላል። እኔ ራሴ ነገሩን ሳላውቅ ስንቴ ብያለሁ። ጋሼ ተሰማ ይሄን አባባል በጆሯቸው እየሰሙ ሃያ ዓመት ኖሩ።

አሁን ፊልሙን ወዳየንበት ቀን ልመለስ። አዲስ አበባ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ካሴቶች ይዞ መጥቶ ነበር። አንደኛው ሽፋኑ ላይ ፀጉሩ የረዘመ፣ በላብ የተጠመቀ፣ ጡጫውን ወደ ላይ የሰነዘረ ሰው አለበት። የጋሼ ተሰማ ባለቤት እትዬ አስካለ ይሄን አይታ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ "ኃይለኛ ፍልሚያ! በገበያ ቀን ብቻ!" ብላ ጻፈች። በሩ ላይ ሻይና ቆሎ የምትሸጠውም ሰሌዳውን የምትጽፈውም እሷ ነች። ጋሼ ተሰማ በገበያው ቀን ጠዋት ካሴቱን ከፍተው ሲያዩት ሰውየው ተፋላሚ አልነበረም። ጡጫው ውስጥ ያለው ማይክ ነው። ፊልሙ የአንድ ስመ ጥር የሮክ ባንድ ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ሆኖ ተገኘ። ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ነው። ሰሌዳው ግን ወሬውን ከነዛ ቆይቷል፤ ከሩቁ ዳሪሙ ሳይቀር ለገበያ የመጣ ሰው ጫማውን በር ላይ እያራገፈ ገባ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ውስጥ እርጥብ ጋቢና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ከአባቴ ጋር ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበርን። ጋሼ ተሰማ ያን ቀን ፊታቸው ልክ አልነበረም፤ ሸምበቆውን ደጋግመው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውሩታል።

ጅማሬው ደህና ነበር። የዘፋኙ አባት የወደብ ተሸካሚ ነው ሲሉ ከኋላ የተቀመጡት የቡና ተሸካሚዎች ደስ ብሏቸው አጉረመረሙ። ልጁ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ጠባብ ምድር ቤት ጊታር ይመታል፤ አባትየው ይሄ ጩኸት እንጀራ አይሆንም ብሎ ያባርረዋል። ይሄን ሁሉ ጋሼ ተሰማ አሳምረው ነገሩን። ሰው ግን ድብድቡ መቼ ይጀመራል እያለ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ "ቆይ፣ ይጀመራል" አሉ። በአራተኛው "ይሄ ሰው የሚደባደበው በጉሮሮው ነው" ብለው እውነቱን አወጡት። አንዳንዱ ተነጫነጨ፤ ዝናቡን ሸሽቶ የሚሄድበት ስላልነበረው ግን ማንም አልወጣም።

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ጊታሩ ሰንሰለት ቆርቆሮ ላይ የሚጎተት ይመስላል፤ ሰውየው የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ይዘፍናል። ጋሼ ተሰማ ሸምበቆውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እንደሌላው ጊዜ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ይሄ ፊልም ግን ታሪኩ ያለው ዘፈኑ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ያለቅሳሉ፣ ይታቀፋሉ፣ እኛ ለምን እንደሆነ አናውቅም። አንድ የዳሪሙ ገበሬ ጋቢውን እንደተከናነበ "ሲርቢቺ ማል ጄዸ?" አለ፤ ዘፈኑ ምን ይላል ማለቱ ነው። ጋሼ ተሰማ እንዳልሰሙ ሆኑ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አምስት ስድስት ሰው ጠየቀ። ሦስተኛው ላይ ከኋላ አንድ ድምፅ "ጎሬ ደረሱ!" አለና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ አልሳቀም።

ፊልሙ ወደ ማብቂያው ደረሰ። ዘፋኙ ከጓደኞቹ ተጣልቶ፣ ታሞ፣ ድምፁ አለቀለት ተብሎ ከረመ። አሁን ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሊዘፍን ስታዲየም ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል። ይዘፍን ይሆን፣ አይዘፍን ይሆን ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። ድብድብ ፈላጊዎቹም አንገታቸውን አሰገጉ። ሰውየው መድረክ ላይ ወጣ። ማይኩን ያዘ። አፉን ከፈተ።

መብራት ጠፋ።

ፉጨቱና ጩኸቱ ዝናቡን አስናቀው። ሰዉ መጨረሻውን ንገሩን ይላል፤ ጋሼ ተሰማ ጠዋት እንዳዩት ማን የማያውቅ አለ! ጋሼ ተሰማ ከጨለማው ውስጥ በደከመ ድምፅ፣ መብራት ሲመጣ ታዩታላችሁ አሉ። የመቱ መብራት ደግሞ ከሄደ የሚመለሰው ደስ ባለው ሰዓት ነው። ዱካው ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስተው ወደ በሩ መሄድ ጀምረው ነበር።

ያኔ ነው እትዬ አስካለ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ የገባችው። በአግዳሚዎቹ መሃል ቀጥ ብላ አልፋ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጆንያውን ከነሚስማሩ ገነጠለችው። የከሰዓቱ ብርሃን ገብቶ ጋሼ ተሰማ ላይ አረፈ። ሁሉም ሰው አያቸው። እሷ ድምፅዋን እንኳን ከፍ አላደረገችም።

"ጎሬም እንዲህ ነበር የጠፋው" አለች። "አሁንም ልትወርድ ነው?"

ጋሼ ተሰማ ሚስታቸውን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ ተመለሱና ዱካው ላይ ቁጭ አላሉም፤ ወጥተው ቆሙበት።

"ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ማይኩ ሞተበት" አሉ። "ስታዲየሙ ሳቀበት። እሱ ግን አልወረደም። ማይኩን ጣለው። ዘፈኑም እንዲህ ይላል።"

ከዚያም መዝፈን ጀመሩ። መጀመሪያ የዛገ የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ነበር የወጣው፤ ሃያ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ነዋ። አሁን ይቆማል ብዬ የአባቴን እጅ ጨበጥኩ። አልቆመም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው መንገዱን አገኘ።

*መብራቱ ቢጠፋ፣ ቤቱ ቢጨልምም፣*
*ድምፄ እንደ ሶር ነው፣ አይቆምም አይደክምም።*

አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ አዞሩት። ሶርን የማያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ፏፏቴው ክረምት ከበጋ ሲወርድ ያየ ሁሉ ነገሩ ገባው። የዳሪሙ ገበሬ ጋቢውን ከትከሻው ጥሎ ተነሳ። ተሸካሚዎቹ አግዳሚውን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ። ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ ተቀበላቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊያፈርሰው ደርሶ ነበር፤ እኛ ግን በለጥነው። አባቴ እያለቀሰ ያጨበጭብ ነበር። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መሃል ላይ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ጢዝ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። ማንም ዞሮ አላየውም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ጋሼ ተሰማን ከዱካው በትከሻው አወረዳቸው። ፊልሙን መልሱልን ያለ የለም፤ መጨረሻውን አይተናል ብለን ነው የወጣነው። ካሴቱም በማግስቱ ከሹፌሩ ጋር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መቱ ላይ ያለ ጋሼ ተሰማ የሚዳር ልጅ ጠፋ። በዓመቱ መስቀል ላይ ጎሬዎች ራሳቸው ጠሯቸውና እሳቸውም እዚያው ሜዳ ላይ ወጥተው ዘፈኑ። ማይክ ቢሰጧቸው አመስግነው መለሱት። አባቴ ከፊት ቆሞ ነበር። "ጎሬ ደረሰ" የሚለው ተረብም ዓመት ሳይሞላው ከሰው አፍ ጠፋ። ኋላ በየቤቱ ዲሽ ገባና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ጋሼ ተሰማ ግን እስኪያርፉ ድረስ ዘፋኝ ነበሩ። ቀብራቸው ላይ የነበረውን ሕዝብ ባየሁ ጊዜ ከሐዘኔ ይልቅ ኩራቴ በለጠ።

እና ሲፈን ፊልሙን አገኘችው። አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። የወደቡ ተሸካሚ፣ ጠባቡ ምድር ቤት፣ ጊታሩ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ዘፋኙ ስታዲየሙ መድረክ ላይ ወጣ። ማይኩን ያዘ። አፉን ከፈተ። መቱ ላይ መብራት የጠፋው እዚህ ጋ ነው።

ድምፅ አልወጣለትም። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ማይኩን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶ ወረደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ እንዳልዘፈነ የሚናገር ጽሑፍ መጣ፤ አለቀ።

ጋሼ ተሰማ ይሄን ያን ቀን ጠዋት በሩን ዘግተው ብቻቸውን አይተውታል። ይሄን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ነው ዱካው ላይ የተቀመጡት፤ ይሄን ይዘው ነው ወደ በሩ የሄዱት። ፊልሙ ዘፋኙን አወረደው። ጋሼ ተሰማ አላወረዱትም።

"እማ፣ አንቺ የነገርሽኝ እንዲህ አይደለም" አለች ሲፈን። "የትኛው ነው ትክክለኛው?"

"የመቱው" አልኳት።

ከዚያ ስልኩን እንድታጠፋው ነግሬያት ተነስቼ ቆምኩ። ድምፄ ያን ያህል አይደለም። መጨረሻውን ግን አውቀዋለሁ።