የእማማ ጫልቱ የሽምብራ መሬት

የልጅ ልጄ ማርታ ትናንት አረንጓዴ ቲሸርት ለብሳ ከትምህርት ቤት መጣች። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ቲሸርቱ ጉልበቷን አልፏል።

«አባባ፣ ነገ የማኅበረሰብ አገልግሎት አለን። ወንዙ ዳር ባዶ ቦታ ላይ ችግኝ እንተክላለን።»

«ባዶ ነው ያለው ማነው?» ብዬ ጮኽኩ። ምራቴ ደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ኪኒን ይዛ ሮጠች። በዚህ ዕድሜዬ የሚያናድደኝ ብዙ ነው፤ ታክሲው፣ መነጽሬ፣ አልታዘዝ ያለኝ ጉልበቴ። «ባዶ ቦታ» የሚሉትን ነገር የሚያህል ግን የለም።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔ ቃሊቲ ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ እርሻ ነው። በሐምሌ፣ ጭቃው ጫማ አውልቆ በሚያስቀርበት ሰሞን፣ ከዕረፍታችን ተጠርተን ለችግኝ ተከላ ተሰለፍን። ተክሎ ለጨረሰ ትኩስ ዳቦና ሻይ አለ ተባለ። መምህራችን ጋሽ ይልማ አንገቴ ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው የቡድን መሪ አደረጉኝ። ከክፍሉ ጎበዙም ረጅሙም አልነበርኩም፤ ለፍላፊው ግን እኔ ነበርኩ።

የታሰበው ኮረብታው ላይ ልንተክል ነበር። ዝናቡ ሲጠና ጋሽ ይልማ መንገድ ዳር አረም የወረሰው ጥቁር መሬት አዩና ቆሙ። የደጋ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው አገር ሐምሌ ላይ ያልተዘራ መሬት ባለቤቱ የሞተበት ነው። የእኛ ሰፈር አፈር ግን ክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። ሽምብራ የሚዘራበት ዝናቡ ሲያበቃ ነው።

«አንተ የሰፈሩ ልጅ ነህ። የማን ነው ይሄ?» አሉኝ።

አውቃለሁ። የጎረቤታችን የእማማ ጫልቱ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ዓመቱን የሚኖሩት በዚያች መሬት ሽምብራ ነው። ግን እውነቱን ብናገር ኮረብታ መውጣት አለ፤ ዳቦውም ይቀዘቅዛል።

«የማንም አይደለም፣ ጋሼ።»

ግማሹን እንደ ተከልን እማማ ጫልቱ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ቆብ ደፍተው እየሮጡ መጡ።

«ኢጆሌ! ልጆቼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው? መሬቴ እኮ ነው!»

«እማማ፣ ሐምሌ ነው። የዘሩት የታለ?» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ሽምብራ ነዋ! አሁን ብዘራው ይሰምጥብኛል፤ ለመስከረም ነው ያስቀመጥኩት!» ዞር ሲሉ እኔን አዩ። «አንተ ግርማ! ንገራቸው እንጂ! አምና እሸቱን ስትሰርቀኝ የማን ነበር?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ይልማ አልሳቁም፤ እኔን ያዩኝ ጀመር። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር።

ጉንጬን ነፍቼ ፊሽካዬን ነፋሁ። ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

በማግሥቱ ችግኞቹን የሚጠብቅ ዘበኛ ቆመ። እማማ ጫልቱ «የመንግሥት ችግኝ ነቀለች» እንዳይባሉ ፈርተው አልነኩትም። ችግኞቹ ውሃ ተኝቶባቸው በሰበሱ፤ የተረፉትን ፍየል ጨረሳቸው። ዘበኛው ግን የሞተ ችግኝ እየጠበቀ መስከረም አለፈ፤ የመዝሪያው ጊዜም አብሮ አለፈ። እማማ ጫልቱ ለዘር ያስቀመጡትን ሽምብራ ቀቅለው ንፍሮ አደረጉት። እንደ ልማዳቸው ለእኛም ቤት በሳህን ላኩ። በላሁ። ጨው አንሶታል ብዬም አማረርኩ፤ አፍ ሲሰጠኝ ኅሊና የተረሳብኝ ጉድ!

ይህን ሁሉ ለማርታ ነገርኳት። አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችኝ።

«ከዚያስ ይቅርታ ጠየቅካቸው?»

«ሞተዋል።»

«ሳይሞቱስ?»

«ሂጂ ጫማሽን ጥረጊ!» አልኳት። ልጅቷ ምን አጠፋች?

እማማ ጫልቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። በራቸው ከበራችን ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። እኔ ግን ወሬው በተነሳ ቁጥር ጋሽ ይልማን «አፈር የማያውቅ የደጋ ሰው» እያልኩ ስረግም ኖርኩ፤ ትናንት ማታም ለማርታ ታሪኩን የጀመርኩት እሳቸውን በመርገም ነው። ሰውየው እኮ ጠይቀውኝ ነበር።